የሽፈራው ቅጠልና ዘይት ከገበያ እንዲነሣ የተሰጠው ውሳኔ እንደገና እንዲታይ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለተከበሩ የተቆጣጣሪው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
እንዲሁም ጉዳዩ ለሚመለከታችሁ የግብርና፣ የንግድና የጤና ሥራ ኃላፊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ የሽፈራው ቅጠል ዱቄት፣ የዘር ዘይትና ሳሙና እንዳይሸጥ የተላለፈውን ውሳኔ ይመለከታል

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ በደቡብ ኢትዮጵያ ቆላ የሽፈራው ቅጠል በማድረቅ፣ ዘሩን በመጭመቅና ከዘይቱ ሳሙና በመሥራት የሚተዳደሩ 38 ሴቶችን ወክዬ ነው። ባለፈው ጥር ወር ከጽሕፈት ቤታችሁ የወጣ የአንድ ገጽ ደብዳቤ በከተማችን ላሉ ሱቆችና በአውቶቡስ መናኸሪያው ዙሪያ ለሚገኙ መደብሮች ተበትኗል። ደብዳቤው የባህል መድኃኒት ምዝገባ የሌለው ማናቸውም የሽፈራው ውጤት በአምስት ቀን ውስጥ ከመደርደሪያ እንዲነሣ ያዝዛል። ውሳኔው ከመተላለፉ በፊት ማንም አላነጋገረንም፤ ከተላለፈም በኋላ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ላቀረብነው አቤቱታ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘንም። በአደባባይ ለመጻፍ የተነሣነው በዚህ ምክንያት ብቻ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ሰው የሚበላውንና ቆዳው ላይ የሚቀባውን ነገር መንግሥት መቆጣጠሩን አንቃወምም። እኛም ሸማቾች ነን፤ ልጆቻችንም ከገበያው የሚገኘውን ይበላሉ። የምንቃወመው ቁጥጥሩ ሊያስተካክለው ከሚገባው ነገር ዘልሎ ሊነካ የማይገባውን ነገር መምታቱን ነው።

የመጀመሪያው ቅሬታችን ውሳኔው ምግብን፣ መድኃኒትንና ቅባትን በአንድ ላይ መጠቅለሉ ነው። በጋሞና በወላይታ ሃሌኮ፣ በአማርኛ ሽፈራው የምንለው፣ በሳይንሳዊ ስሙ ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ የሚባለው ዛፍ የትውልድ ስፍራው ይኸው የኛ ደቡብ ኢትዮጵያና የሰሜን ኬንያ ቆላ ነው። ኮንሶዎች በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው መልክዓ ምድራቸው፣ በድንጋይ በካቡት እርከን ላይ ከማሽላው መሐል ይተክሉታል፤ በጋሞና በደራሼ ደግሞ ከጓሮ አይጠፋም። ወፍራሙ ግንዱ ውሃ ስለሚይዝ በበጋ ጎመኑም ሌላውም ቅጠል ሲደርቅ እርሱ ለምለም ሆኖ ይቆያል። ዝናብ በቀረባቸው ዓመታት ብዙ ቤተሰብ ወጡ ያልጠፋበት በዚህ ዛፍ ነው። የማሽላ ወይም የበቆሎ ዱቄት ተድቦልቡሎ ከቅጠሉ ጋር የሚቀቀልበትን ኩርኩፋ ያልበላ የአካባቢያችን ልጅ የለም። ታዲያ እናቶች በየቀኑ ድስት የሚጥዱትን ቅጠል፣ ታጥቦና ደርቆ ስለተፈጨ ብቻ የመድኃኒት ምዝገባ አምጡ ማለት በምን ሚዛን ትክክል ይሆናል? የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ራሱ ምግብን፣ መድኃኒትንና የውበት መጠበቂያን ለየብቻ የሚያይ ሕግ ነው። ቅጠላችን በምግብ፣ ዘይታችንና ሳሙናችን በውበት መጠበቂያ ዘርፍ ይመርመርልን ብለን ስንጠይቅ፣ መስኮት ላይ የተቀመጡት ሠራተኛ «ሽፈራው መድኃኒት ነው፤ ሁሉም ያውቃል» ብለው ፋይላችንን መልሰውልናል።

የዚህን ውሳኔ ዋጋ በአንዲት አባላችን ቤት ያየነውን ልንገርዎ። ባሏ የሞተባትና አራት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። ደብዳቤው በደረሰ ሳምንት ሦስት ሱቆች 60 ኪሎ የሚሆን የታሸገ ዱቄት መለሱላት። የምታስቀምጥበት መጋዘን የላትምና በመኝታ ቤቷ ጥግ ደረደረችው፤ በመጋቢት ዝናቡ ሲገባ ርጥበት ያዘውና ሻገተ። እርሷ ራሷ ጠርታ አሳየችን፤ እኛም ለማንም እንዳይሸጥ ወስነን ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው። ያን ቀን አንድም ተቆጣጣሪ አልነበረም። የሻገተ ቅጠል ሰው እንደሚጎዳ ስለምናውቅ በገዛ እጃችን ያደረግነው ነው። ልጆቿ ግን በሁለተኛው መንፈቅ ደብተር የተገዛላቸው በማኅበሩ መዋጮ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታችን ደብዳቤያችሁ ዛፉን በስሙ አለመጥራቱ ነው። በሁለተኛው አንቀጽ ላይ የታገደው ውጤት «ሞሪንጋ ኦሌይፌራ» ተብሎ ተጽፏል። ይህ በሰሜን ሕንድ ከሂማላያ ተራሮች ግርጌ የመጣው ዝርያ ስም ነው። በዓለም ላይ 13 የሞሪንጋ ዝርያዎች ይታወቃሉ፤ የሕንዱና የኛው ዘመዳሞች ቢሆኑም አንድ አይደሉም። የሕንዱ ቅጠሉ ትንንሽ፣ ግንዱ ቀጭን ነው፤ የኛው ቅጠሉ ሰፋፊ፣ ግንዱ እንደ እንስራ ወፍራም ነው። ይህን የማነሣው ለስም ክርክር ብዬ አይደለም። በየማሸጊያው ላይ የሚነበበው «ይህን ያህል ቪታሚን፣ ያን ያህል ካልሲየም» የሚለው ጽሑፍ አብዛኛው የተገለበጠው በሕንዱ ዝርያ ላይ ከተደረገ ጥናት ነው። ስለዚህ ገዢው ስለማይበላው ቅጠል እያነበበ የሚበላውን ይገዛል። የኛን ቅጠል ለይቶ የሚመረምርና ገላጭ ጽሑፉም በዚያው እንዲሆን የሚያስገድድ መመሪያ ብታወጡ ኖሮ በደስታ በተቀበልነው ነበር። የሆነው ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ የኛ ዱቄት ከሱቅ ሲነሣ ከውጭ የመጣው የሕንዱ ዝርያ በእንክብል ተሞልቶ፣ በእንግሊዝኛ በተጻፈ ማሸጊያ፣ እዚያው ከተማ በመድኃኒት መደብር መስታወት ውስጥ እስከ ዛሬ ተደርድሮ ይሸጣል።

ሦስተኛውና ከሁሉ አብልጦ የሚያስጨንቀን የፈውስ ወሬው ነገር ነው። ሽፈራው ስኳር ያድናል፣ ግፊት ያወርዳል፣ ካንሰር ያጠፋል የሚለው ልፈፋ ከኛ አልወጣም። በመናኸሪያ ማሸጊያው ላይ ስምም ቀንም የሌለው ፌስታል ይዘው የሚዞሩ ሻጮች እንደሚሉት ግን እናውቃለን። ባለፈው ዓመት የሰፈራችን አንድ ሽማግሌ ከነዚህ ሻጮች ቅጠል ገዝተው የስኳር ክኒናቸውን አቋረጡ፤ በሦስተኛው ሳምንት ራሳቸውን ስተው በቃሬዛ ሆስፒታል ገቡ። እግዚአብሔር ይመስገን ተርፈዋል። ከዚያ ወዲህ ሱቃችን መጥቶ «መድኃኒቴን ልተወው ወይ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሁሉ «አይተዉ፤ ቅጠሉንም ከሐኪምዎ ሳይማከሩ አብረው አይውሰዱ» ብለን እንመልሳለን።

ይህን የምንለው በግምት አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት የኛው ሽፈራው ቅጠል በውሃ ተነጥሮ ለጥንቸሎች ሲሰጥ የደም ስኳርን ዝቅ አድርጓል። ይህ ተስፋ ነው፤ ሆኖም ጥንቸል ሰው አይደለም፤ በሰው ላይ ምን ያህል ቅጠል፣ ለማን፣ ለምን ያህል ጊዜ የሚለው ገና አልተቆረጠም። ቅጠሉ በእርግጥ ስኳርን የሚያወርድ ከሆነ ደግሞ በክኒኑ ላይ ሲደረብ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ከቅጠሉ የተነጠረው ነገር የአይጥን ማኅፀን እንደሚያኮማትር አሳይቷል። ይህ ለአያቶቻችን አዲስ ወሬ አልነበረም፤ የእንግዴ ልጅ ሲዘገይ ቅጠሉን ቀቅለው ውሃውን የሚያጠጡት ለዚያ ነበር። ስለዚህ እንደ ወጥ ተበስሎ ሲበላ የኖረ ምግብ ቢሆንም፣ በዱቄት አከማችቶ በየቀኑ መውሰድን በተመለከተ በማሸጊያችን ላይ «ለነፍሰ ጡር እናቶች ያለ ሐኪም ምክር አይመከርም» ብለን ጽፈናል። ማንም አላስገደደንም። ሥሩን ደግሞ ጨርሶ አንሸጥም። ለወባ ነው እያሉ ሥሩን ቆፍረው የሚያመጡ ሰዎች ቢኖሩም፣ ከሞሪንጋ ሥርና ቅርፊት መርዛማነት ያላቸው ንጥረ ነገሮች እንደሚገኙ ስለተማርን፣ ወባ ያመመውም ሰው ደሙን ተመርምሮ በጤና ጣቢያ መታከም ስላለበት እንመልሳቸዋለን። ክቡር ኃላፊ፣ ቁጥጥሩ መዝመት የነበረበት በዚህ ላይ ነው። ሐሰተኛ የፈውስ ወሬ የሚነዛውንና ማስጠንቀቂያ የሚጽፈውን በአንድ ደብዳቤ አንድ ማድረግ ለሐሰተኛው ነው የሚጠቅመው፤ እርሱ ሱቅ የለውምና ትእዛዛችሁ አልደረሰውም፤ አሁንም በመናኸሪያው እየዞረ ይሸጣል።

ስለ ዘይቱም ጥቂት እንድል ይፍቀዱልኝ፤ ከሥራችን ሁሉ ብዙ ድካም የሚጠይቀው እርሱ ነውና። የሽፈራው ፍሬ ባለ ሦስት ክንፍ ነው፤ ልጣጩ በእጅ ተፈልፍሎ ነጩ አስኳል በመጭመቂያ ይጨመቃል፣ ዘይቱ ዝቃጩ እስኪወርድ ይሰነብታል፣ ከዚያ በነጠላ ጨርቅ ይጠለላል። ዋናው ክፍሉ በወይራ ዘይትም ውስጥ የሚበዛው ኦሊክ አሲድ ነው፤ ቶሎ ስለማይከርር ለቆዳና ለጠጉር ይመቻል። የጥንት ግብጾች ከዚሁ ቤተ ሰብ ከሌላው ዝርያ፣ ከፔሬግሪና፣ የሚገኘውን ዘይት ለቅባትና ለሽቶ ይጠቀሙበት ነበር። እኛ ለደረቀ ቆዳ፣ ለተሰነጠቀ ተረከዝ፣ ለሚፈረፍር የራስ ቆዳ እንሸጠዋለን፤ ቆዳን ያለሰልሳል፣ ርጥበቱንም ይጠብቃል። ማድያት ያጠፋል፣ ቆዳ ያነጣል፣ ጠባሳ ያስለቅቃል ብለን አንጽፍም፤ ስለማናውቅ። የቀረውንም ፋጉሎ አንጥለውም። በዘሩ ውስጥ ያለው ፕሮቲን በደፈረሰ ውሃ ውስጥ የተንሳፈፈውን ጭቃ ስቦ ወደ ታች ስለሚያወርድ፣ ፋጉሎው የወንዝ ውሃ ለሚቀዱ ጎረቤቶቻችን ያገለግላል። ውሃው ከጠራ በኋላም መፍላት እንዳለበት ሁልጊዜ እናስታውሳቸዋለን።

ይህ ዘይት በታገደበት ጎዳና ላይ፣ ከሱቃችን ሁለት በር አልፎ፣ ምን እንደያዙ የማይነበብባቸው ቆዳ የሚያነጡ ክሬሞች በግልጽ ይሸጣሉ። እንዲህ ባሉ ክሬሞች ውስጥ ስለሚገኘው ሜርኩሪ የዓለም ጤና ድርጅት ሲያስጠነቅቅ ኖሯል። የአንዲት አባላችን የ17 ዓመት ልጅ ከነዚህ አንዱን ለሠርግ ብላ ለሁለት ወር ተቀብታ ፊቷ ተላጠ፤ ዛሬም ፀሐይ ሲነካት ይቃጠላል። እናቷ ዘይት ጨማቂ ሆና ልጇ ያን መቀባቷ ምን ያህል እንዳሳዘናት አልደብቅዎትም። ያን ክሬም የሚከለክል ደብዳቤ ግን ለዚያ ሱቅ አልደረሰም።

አራተኛው ቅሬታችን ስለ ምርመራው ነው። ላቦራቶሪ ያለው ሩቅ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በራሳችን ወጪ የዱቄትና የዘይት ናሙና ወደ አዲስ አበባ ልከን ነበር፤ ውጤቱ የመጣው ከአራት ወር በኋላ ነው፤ ያውም ከመካከላችን ማንም ሊያነበው በማይችል ቋንቋ። የርጥበቱ መጠን ስንት መሆን እንዳለበት፣ ለሻጋታና ለጀርም ወሰኑ ምን እንደሆነ፣ ለዘይቱ ምን ምን መታየት እንዳለበት በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋዎች የተጻፈ አንድ ገጽ መመሪያ እንዲሰጠን ጠየቅን፤ አልተሰጠንም። በሌለን መመሪያ ግን ተቀጣን። እኛ የምናውቀውን እናደርጋለን፦ ቅጠሉን በማለዳ እንለቅማለን፣ በንጹሕ ውሃ እናጥባለን፣ ፀሐይ አረንጓዴነቱንና ቪታሚኑን እንዳይመጥጠው ጥላ ሥር በወንፊት አልጋ ላይ እናደርቃለን፣ በእጅ ሲጨበጥ እስኪሰባበር ሳናይ ወደ ወፍጮ አንወስድም። ይህ ካልበቃ የሚጎድለውን ይንገሩን።

የመጨረሻው ቅሬታችን ስለ ዛፉ ራሱና ስለ እውቀቱ ባለቤቶች ነው። ገበያው ሲሞቅ ከሩቅ በመኪና የሚመጡ ነጋዴዎች ቅጠሉን ቅርንጫፉ እስኪራቆት ይገፍፋሉ፤ ዘር እንዲያፈራ የሚተውት ዛፍ ትንሽ ነው። ለወባ እየተባለ ሥሩ የሚቆፈረው ደግሞ አይተርፍም። የግብርና ባለሙያዎች ግን ሽፈራው «የገበሬው የራሱ ጉዳይ» እንደሆነ ነግረውናል። በሌላ በኩል ባለፉት ዓመታት ተማሪዎችና ባለሙያዎች ነን ያሉ ሰዎች በየጊዜው መጥተው ከእናቶቻችን ምኑ ለምን እንደሚሆን ቀርጸውና ቅጠልና ዘር ይዘው ሄደዋል። ያገኙትን ይዞ ተመልሶ የመጣ የለም። የጄኔቲክ ሀብትን፣ የማኅበረሰብ እውቀትንና የማኅበረሰብ መብትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 እንዲህ ያለው ነገር ያለ ፈቃድና ያለ ጥቅም ተጋሪነት እንዳይሆን የወጣ ነው። ጤፍ ላይ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ በ1997 ዓ.ም. ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር የተደረገው ስምምነት አገሪቱን የጠበቀችውን ሳይሰጣት፣ በጤፍ ዱቄት ላይ በአውሮፓ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ተመዝግቦ፣ የሄግ ፍርድ ቤት መብቱን በኔዘርላንድ የሻረው በ2011 ዓ.ም. ነው። ሽፈራው በዚያ መንገድ እንዳይሄድ ማነው የሚጠብቀው? አንድ ወረቀት ይዛ የምትሸጠዋ የአገሬው ሴት ስትታገድ፣ ወረቀት ሳያሳይ ዘር ጭኖ የሚሄደው ሰው በሩ ሲከፈትለት ማየት ልባችንን ሰብሮታል።

እንግዲህ ከተከበረው ጽሕፈት ቤትዎ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው። በጥር ወር የተላለፈው ትእዛዝ የሽፈራውን ቅጠል ዱቄት እስከሚመለከት ድረስ እንዲነሣና ምርቱ በምግብነት እንዲመረመር፤ ዘይቱና ሳሙናው ደግሞ በውበት መጠበቂያ ዘርፍ እንዲታዩልን። በደብዳቤው የተጻፈው የሕንዱ ዝርያ ስም ታርሞ፣ ከውጭ የሚገባውም ከኛው ጋር በእኩል ሕግ እንዲዳኝ። በሽታ ያድናል ብሎ የሚጽፍ፣ የሚለጥፍ ወይም በመናኸሪያ የሚለፍፍ ማንም ይሁን ማን፣ እኛም ብንሆን፣ በአዋጁ እንዲጠየቅ፤ ለነፍሰ ጡሮችና የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት ለሚወስዱ ሰዎች የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ በማሸጊያ ላይ ግዴታ እንዲሆን። የጥራት መስፈርቱ በምናነበው ቋንቋ ተጽፎ እንዲሰጠን፣ ናሙናችንም አቅራቢያችን ባለ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ የሚመረመርበት መንገድ እንዲመቻች። የግብርና ኃላፊዎች ደግሞ ሥር መቆፈርን የሚከለክል፣ ቅጠል አለቃቀምን የሚወስንና ችግኝ ጣቢያ የሚያቋቁም ሥርዓት ከገበሬዎቹ ጋር ተመካክረው እንዲያወጡ። ዘርና እውቀት ለመሰብሰብ የሚመጣ ሰው ሁሉ ፈቃዱን ለቀበሌው እንዲያሳይ።

በመጨረሻም፣ ከማኅበሩ የተወከልን አምስት ሴቶች ከማድረቂያው እስከ መጭመቂያው ያለውን ሥራችንን ለባለሙያዎቻችሁ ለማሳየት ዝግጁ ነን። መጥታችሁ ታዩ ዘንድ ከግንቦት ወር መጨረሻ በፊት አንድ ቀን ቆርጣችሁ በጽሑፍ እንድታሳውቁን እንለምናለን። ጎድሎ የተገኘውን ለማስተካከል በማኅበራችን ስም ቃል እንገባለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር

የሽፈራው ቅጠልና ዘይት አምራች ሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር
ስለ 38ቱ አባላት